የእትዬ አስካለ ወንበር

ሐበሻ የምግብ ቤት ሂሳብ ለመክፈል ሲታገል ያላየ ሰው ትግል አይቻለሁ ማለት አይችልም። አሁን ተጎራርሰው የበሉ ሦስት ጓደኛሞች፣ አስተናጋጇ ሂሳቡን ይዛ ብቅ ስትል ጠላት ይሆናሉ። አንዱ የሌላውን ክንድ ይጠመዝዛል፤ ሌላው ብሩን በግድ እጇ ውስጥ ይወትፋል፤ ሦስተኛው «እኔ ልሙት» እያለ በራሱ ሞት ይምላል። ጎን ያለው ፈረንጅ ፖሊስ ልጥራ አልጥራ እያለ ሹካውን አየር ላይ ያቆማል። በዚህ ትግል ከቨርጂንያው አሌክሳንድሪያ እስከ ሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔን ያሸነፈ የለም። «ምን ያለ ደግ ሰው ነው» ይሉኛል። እንዲህ የሚሉኝ ግን አብረውኝ በልተው የማያውቁት ናቸው። አብረውኝ የበሉትማ የትግሉን ሁለተኛ ክፍል ያውቁታል፤ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በትሕትና፣ «በሉ እንግዲህ ድርሻችሁን በካሽ» የምልበትን።

አንባቢዬ ቶሎ እንዳይፈርድብኝ እለምናለሁ። የምታገለው ለገንዘብ አልነበረም። ለፖይንት ነበር።

ፖይንት ማለት በክሬዲት ካርድ ባወጣችሁት ዶላር ልክ ባንኩ የሚጽፍላችሁ፣ ኋላ በአውሮፕላን ቲኬት የምትለውጡት ነገር ነው። አይጨበጥም፤ አይቀመስም፤ ለልጅ አይወረስም። ዋጋውን የሚወስነው ራሱ የሰጣችሁ ሰው ነው፤ ጠዋት ተነሥቶ ካልመሰለው ይቀንሰዋል። ይህን የመሰለ ሀብት ነው እንግዲህ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰበሰብኩት።

ያስተማረኝ አንድ እንግዳ ነው። አርሊንግተን ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሰኞ ሰኞ የሚመጣ፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚሄድ አንድ ሽበታም ሻጭ ነበር፤ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አንድ ቀን ቁልፉን ስሰጠው ስልኩን አወጣና ሆንግ ኮንግ የሄደበትን ወንበር ፎቶ አሳየኝ። ወንበር አልኩት እንጂ አልጋ ነው። ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፤ አንሶላ አለው፤ እግር የሚገባበት የራሱ ዋሻ አለው። ስንት ከፈልክ አልኩት። ምንም፣ በፖይንት ነው አለኝ። ከዚያም ሕጉን ነገረኝ፤ አንድን ፖይንት ከሁለት ሳንቲም ባነሰ ዋጋ የለወጠ ሰው ተሞኝቷል። ኢኮኖሚ ወንበር ላይ ፖይንት ማጥፋት ደግሞ ሞኝነት ብቻ ሳይሆን ነውር ነው።

እኔ ፎቶውን ሳይ ያየሁት ሆንግ ኮንግን አልነበረም። የእትዬ አስካለን እግር ነው።

እትዬ አስካለ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታለች፣ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና። ያ መኪና ጉልበቷን በላው። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ካለች ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል፤ ጫማዋን የምታወልቀው ሰው ረድቷት ነው። ይህችን ሴት አሥራ ስድስት ሰዓት አንድ የማይንቀሳቀስ ወንበር ላይ አስሬ ላምጣት? ወንድም ነኝ ብዬ? አይሆንም አልኩ። እትዬ ወደ አሜሪካ የምትመጣው ተኝታ ነው። በቢዝነስ ክላስ። በፖይንት።

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ቤታችን ውስጥ ሕግ አወጣሁ፤ አንድ ሎሚ እንኳ ቢሆን ከካርዱ ውጭ አይገዛም። ባለቤቴ ጽጌ ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ ካርዱን እንደ መታወቂያ አስይዛት ነበር። የሰው ሠርግ አዳራሽ በካርዴ ከፍዬ ከሙሽራው አባት ካሽ ተቀብያለሁ። ይባስ ብሎ፣ አንድ ጊዜ ግሪንቤልት ለቅሶ ቤት ሄደን ምግብ ሲታዘዝ «ለእኔ ተዉት» ብዬ ተነሣሁ። ሐዘንተኞቹ እንባቸውን እየጠረጉ መረቁኝ። ምግብ ላይ ካርዱ ለአንድ ዶላር ሦስት ፖይንት ይሰጣል። ምርቃቱም ፖይንቱም ደረሰኝ፤ ለምርቃቱ ስንት ሳንቲም ዋጋ እንደማወጣለት ግን እስካሁን አላወቅሁም።

ጓደኛዬ ጌታቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፤ ከአዲስ አበባ ጀምሮ አብረን ነን። ሲስቅብኝ ኖሯል። «አንተ ሰውዬ ስትሞት ሬሳ ሣጥንህን በፖይንት ነው የምናነሣልህ» ይለኛል። እኔም ለሬሳ ሣጥን ዋጋው ጥሩ እንደማይሆን በጨዋነት አስረዳዋለሁ።

እትዬ ቪዛ ጠየቀች፤ ተሰጣት፤ የሁለት ዓመት። ያን ጊዜ ሰባ ስምንት ሺህ ፖይንት ነበረኝ፤ የሚዘረጋው ወንበር ሰማንያ ሺህ ነው። ሁለት ሺህ ጎደለኝ። የጎደለኝ ቢዝነስ ክላሱ ነው እንጂ ለኢኮኖሚማ ተርፎኝ ነበር። ጽጌ ሁለት ነገር አለችኝ፤ አንድም በኢኮኖሚ አምጣት፣ አንድም በካሽ ይቆረጥላት። የመጀመሪያው ነውር መሆኑን ነገርኳት። ሁለተኛውን ደግሞ ከሻጩ ሕግ አንጻር ሳስረዳት መሐል ላይ ተነሥታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ሁለቱ ሺህ ሲሞላ ወንበሩ መቶ ሺህ ሆኖ ጠበቀኝ። እንግዲህ ምን ይደረጋል? ሻጩን ሰውዬ ጠየቅሁት። ይህ የተለመደ ነው፤ ዲቫልዌሽን ይባላል፤ አሁን ተስፋ ቆርጠህ በርካሽ እንዳታጠፋው አለኝ። በርካሽ አላጠፋሁትም።

እትዬ በዚያ ወገን ሻንጣዋን አዘጋጅታ በር ሥር አቁማዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስደውል የሻንጣውን ደኅንነት ትነግረኛለች። ውስጡ ለእኔ የሰፋችው ሸሚዝና የእኛው በርበሬ አለ። በርበሬው ሲቆይ መዓዛው ይጠፋል ብላ ታወጣዋለች፤ አዲስ አስፈጭታ መልሳ ትከተዋለች። በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ በርበሬው ሦስት ጊዜ ተለውጧል። እኔ የፖይንቱን ቁጥር እነግራታለሁ፤ እሷ «ተመስገን» ትላለች። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ አለችኝ፦

«ማሙሽ፣ እኔ እኮ የምመጣው ልተኛ አይደለም፤ አንተን ላይ ነው። ቁጭ ብዬ እመጣለሁ።»

የሃምሳ ዓመት ሰውዬ ነኝ፤ ለእሷ ማሙሽ ነኝ። ስለማታውቅ ነው አልኩ በሆዴ፤ ወንበሩን ስታየው ታመሰግነኛለች።

ይህን ስል አንድ ነገር አስታውሼ ነበር፤ ማስታወሴን ግን ቶሎ ተውኩት። ዲቪ ደርሶኝ ቪዛዬ የተመታ ዕለት እትዬ ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቿ አንዱን ይዛ ወጣች። ማታ ስትመለስ መኪናው የለም፤ ቲኬቱ አለ። መኪናውን በስንት ሳንቲም ለወጠችው? ተሞኝታለች? የዛሬ ሣምንት ዋጋ ይጨምር ይሆን ብላ እንኳ አልጠበቀችም። ምስኪን፤ ሕጉን የሚነግራት ሻጭ አልነበራትም።

ሰኞ ዕለት ነው፤ ፖይንቴ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ደርሷል። በዚያ ወር መጨረሻ ይሞላል። ሥራ ቦታ ኢሜይሌን ስከፍት ከአየር መንገዱ የመጣ ደብዳቤ አገኘሁ። ለታማኝነቴ ያመሰግነኛል፤ ፕሮግራማቸውን ይበልጥ እንዲመቸኝ አድርገው ማሻሻላቸውን በደስታ ይገልጽልኛል። ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የሚዘረጋው ወንበር ከዛሬ ጀምሮ መቶ አሥራ አምስት ሺህ መሆኑን ይነግረኛል። የዚህ አገር ሰዎች ክፉ ነገር ሊነግሩህ ሲሉ በምስጋና ይጀምራሉ። የእኛ ሰዎች በዝምታ ነው የሚጀምሩት። ይህን ልዩነት ያወቅሁት በዚያው ሣምንት ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ጽጌ ወጥ ቤት ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። መቶ አሥራ አምስት ሺህ ገቡ አልኳት። ሁልጊዜ ስለ ፖይንት ሳነሣ ጣሪያ የምታየው ሴት፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አቀፍኳት። ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር ጉዳዩን ይህን ያህል እንደምታስበው አላወቅሁም ነበር። እኔ እንኳ አላለቀስኩም። «አይዞሽ፣ አሥራ ስድስት ሺህ ብቻ ነው የጎደለን» አልኳት። ባሰባት።

በዚያው ማታ ስልኬ ዕቃ ማጠቢያው ውኃ ውስጥ ወደቀ። እንዴት እንደወደቀ አላውቅም፤ ጽጌ ናት ያገኘችው። ሩዝ ውስጥ ቀበረችውና እስከ ቅዳሜ እንዳትነካው ይላሉ አለችኝ። እሺ፣ በአንቺ ስልክ ለሰብለ ልደውልና ለእትዬ ወንበሩ ትንሽ መዘግየቱን ትንገርልኝ አልኩ። ሰብለ የእትዬ ልጅ ናት፤ አብረው ነው የሚኖሩት። ጽጌ፣ አዲስ አበባ ኔትወርክ የለም፣ ስሞክር ነው የዋልኩት አለች። የአዲስ አበባን ኔትወርክ ማን ይጠረጥራል?

ረቡዕ ጌታቸው በሆቴሉ ስልክ ኮል አደረገኝ። ቅዳሜ ኦፍ ነህ ወይ አለኝ። ነኝ አልኩት፤ ከዚያም ዲቫልዌሽኑን ከነዝርዝሩ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ዝም አለ። ቆይቶ፣ በማላውቀው ድምፅ፣ «አይዞህ ወንድሜ» አለኝ። ሐሙስ ደግሞ፣ በሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሁሉ የመኪና መጨናነቅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ እኔን ሊያይ መጣ። እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል፤ በዚያ ሰዓት ሜሪላንድንና ቨርጂንያን የሚለየውን ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣ ጓደኛ የለም። ሴቨን ኮርነርስ ወዳለ ምግብ ቤት ወስዶ ራት ጋበዘኝ። አልበላም፤ እኔን እያየ «ብላ፣ ጉልበት ይሁንህ» ይለኛል። ሂሳብ ሲመጣ እንደ ልማዴ ካርዴን መዘዝኩ። እጄን ያዘው። አልጠመዘዘኝም፤ አልማለም፤ ዝም ብሎ ያዘውና «ዛሬ እንኳ ተወኝ» አለ። ዓይኑ እንባ ያዘለ መሰለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፍኩ። ወደ ቤት ስመለስ ልቤ ተነክቶ ነበር። ለካስ ሲስቁብኝ የኖሩት ሁሉ ነገሩ ገብቷቸዋል! ወገን ማለት ይህ ነው አልኩ፤ የአንዱ ፖይንት ሲረክስ ሌላውን ሲያመው።

ዓርብ ጋሽ ወልዴ ሆቴሉ ድረስ መጡ። የአሌክሳንድሪያ ዕድራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው። በዚህ ሲያልፉ ሰላም ሊሉኝ ብቅ ማለታቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ኤርፖርት አጠገብ ያለ ሆቴል በየት ሲታለፍ ይገኛል ብዬ አልጠየቅሁም። የደም ግፊት መድኃኒቴን በደንብ እወስድ እንደሆነ ጠየቁኝ። እወስዳለሁ። ነገ ጠዋትም እንዳትረሳ አሉኝ። ዲቫልዌሽን ለደም ግፊት እንደማይስማማ እሳቸውም ማወቃቸው ገረመኝ።

«ሰምተዋል ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉኝ።

እንግዲያውስ ብዬ ሩብ ሰዓት ያህል አብራራሁላቸው። ሰማንያው እንዴት መቶ እንደሆነ፣ መቶው እንዴት እንዳደገ፣ አሁን ምን ስልት እንዳሰብኩ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ሲሄዱ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉ። ቃሉ ለፖይንት ትንሽ ከበድ አለብኝ። ቢሆንም አሜን አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መድኃኒቴን ውጬ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ወንበር እየፈለግሁ ነበር። ተጓዥ በሚለው ቦታ የእትዬ ስም ከነፓስፖርት ቁጥሩ ቀድሞ ተሞልቷል። ጽጌ ከሌሊቱ ጀምሮ ለብሳ ቁጭ ብላለች። በመስኮት ሳይ የእንግዳ መኪና ማቆሚያው ሞልቷል። ጌታቸው አለ፤ ጋሽ ወልዴ አሉ፤ የዕድሩ ሰዎች አሉ፤ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀዋል። ሁሉም ቆመው የሆነ ሰው ይጠብቃሉ። ማንን ነው የሚያረዱት ብዬ አሰብኩ። በሕንጻው ያለው ሌላው ሐበሻ፣ ከላይ ፎቅ ያለው ጎንደሬ ጎረቤታችን ታወሰኝና፣ ምስኪን አልኩ። ጫማዬን ላደርግ ተነሣሁ፤ ጎረቤት አይደል? አብሬ ላረዳው።

በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ወደ ላይ አልወጡም።

ጋሽ ወልዴ እጄን ይዘው ከሶፋው ላይ አስቀመጡኝ። «ልጄ፣ በርታ። እህትህ አስካለ ሰኞ ዕለት አርፋለች» አሉኝ።

ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ምን እንደሚል ብዙ ለቅሶ ቤት ሰምቻለሁ። እኔ ያልኩትን ግን የትም አልሰማሁም። «ቪዛዋ እኮ እስከ መጋቢት አያልቅም» አልኳቸው።

ሰኞ። ደብዳቤው የደረሰኝ ዕለት መሆኑ ነው። ደግሞ የማይረባ ነገር ያስታውሳል ሰው፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ተጎንብሼ የማስበው ስለ ጌታቸው ነበር። ሐሙስ ማታ ያን ሁሉ ስለ ወንበር መዘርጋት ሳወራው፣ ምግቡ ላይ አቀርቅሮ «ይሁን፣ ይሁን» ሲል።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ከሜሪላንድም ከቨርጂንያም ጎረፈ። ትሪ ምግብ ይገባል፤ የውኃ ካርቶን ይገባል፤ የኪራይ ወንበር ይዘረጋል። የሚታጠፍና የሚዘረጋ ወንበር መሆኑን ፍራሽ ላይ ሆኜ አየሁት። አንድም ነገር አልጠየቅሁም። ሁሉንም የምትመራው ጽጌ ነበረች።

ወሩ ሲያልቅ የካርዱ ወረቀት መጣ። ጽጌ የቤታችንን ሕግ አልጣሰችም ነበር። ምግቡ፣ ውኃው፣ ወንበሩ፣ የሣልስቱ አዳራሽ፣ ሁሉም በካርዱ ነው። ዕድሩም ጓደኞቼም ካሹን ሰብስበው ሰጥተዋታል፤ እኔ ስድስት ዓመት እንዳስተማርኳቸው። ምግብ ላይ ለአንድ ዶላር ሦስት ፖይንት ነው ብያለሁ። ድምሩን አየሁት፤ መቶ አሥራ አምስት ሺህ ከአራት መቶ። የእትዬ አስካለ ወንበር ሞላ። የጎደላትን ራሷ አመጣችው።

ለአርባዋ መሄድ ነበረብኝ። ጽጌ ቀስ ብላ፣ በፖይንቱ ለምን አትሄድም አለችኝ። ድረ ገጹን ከፈትኩት። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈለግሁት ቀን ላይ ቦታ አለ፤ የተጓዥ ስም አስካለ ይላል። በእሷ አልጋ እኔ ልተኛ? ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ባንክ ሄጄ ካሽ አወጣሁና ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት የኛ ልጅ የምትሠራበት የቲኬት ቢሮ ሄድኩ። የቀረው ወንበር ከኋላ መጨረሻ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ መካከለኛው ነው፤ ወደ ኋላም አይልም አለችኝ። እሱን ነው የምፈልገው አልኳት። ስመለስ ስንት ሻንጣ እንደምይዝ ጠየቀችኝ። አንድ አልኳት፤ የተዘጋጀ አለ።

ካርድ ጠየቀችኝ።

«ካርድ የለኝም» አልኳት። ኪሴ ውስጥ ሦስት ነበሩ። ካሹን በፖስታ አቀበልኳት።

በሐዘኔታ አየችኝ፤ ትናንት ከአገር የገባሁ ሳልመስላት አልቀረም። «ጋሼ፣ ይህን ያህል ብር በካርድ ቢከፍሉት እኮ ፖይንት ያገኙበት ነበር» አለችኝ። ፖይንት ምንድን ነው አልኳት። ደግ ልጅ ናት፤ ወረቀት ስባ፣ እየጻፈች፣ ከመጀመሪያው አስረዳችኝ። ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማኋት። ሲያበቃ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ፤ ለጥሩ ነገር ይሆነኛል እያሉ ማቆየት አያስፈልግም፣ ይረክሳል። እሷ ራሷ አምና ባጠራቀመቻት ትንሽ ፖይንት እናቷን አምጥታባታለች።

በየትኛው ወንበር አልኳት።

በኢኮኖሚ ነው አለችኝ።

«እግራቸውስ?»

ቲኬቱን እያተመች፣ ቀና ሳትል መለሰችልኝ፦ «ትንሽ አብጦባት ነበር። በሣምንቱ ለቀቃት።»